የጥርስ ሥር ፋይል ጥርስን ያደክማል ወይ? በጅማ የተከፈተ ክርና ምላሾቹ

ይህን የጽሑፍ ውይይት (ክር) የከፈቱት በከተማችን የሚያስተምሩ አንድ መምህር ናቸው። አቋማቸው ግልጽ ነበር፦ በማሽን የሚሽከረከረው ፋይል፣ ማለትም የሥሩን ውስጥ የሚፍቀው ቀጭን መሣሪያ፣ የጥርስን ሥር ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ ስለሆነም የጥርስ ነርቭ የሚታከም ሰው ሁሉ በእጅ ፋይል ብቻ እንዲሠራለት መጠየቅ አለበት፤ ይህ ካልተቻለ ጥርሱን ማስነቀል ይሻለዋል። ለዚህ አቋም ያበቃቸው የባለቤታቸው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። ጥርሱ በማሽን ፋይል ታክሞ፣ ሕመሙም ጠፍቶ፣ ከወራት በኋላ ቆሎ ሲበሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ በጅማ የጥርስ ሐኪም ሆኜ ስለምሠራ ክሩን ከመጀመሪያው ምላሽ እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ ጽፌበታለሁም። እዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ የምተርከው፣ ዘግይተው የገቡ አንባቢዎች መሐል ላይ የተነሳውን ቁጣ ብቻ አንብበው ሊድን የሚችል ጥርሳቸውን ለማስነቀል ሲወስኑ ስላየሁ ነው።

ምላሽ 1 አጭርና ጨዋ ነበር። ጸሐፊዋ ለመምህሩ ባለቤት ምሕረትን ከተመኙ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ጥርሱ በጊዜያዊ ሙሌት ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ ይዞ የሚሸፍን ልባስ፣ ተደርጎለት ነበር ወይ? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ መልስ ሳያገኝ ቆየ። በእኔ እምነት ግን በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የጉዳዩን ልብ የነካው ይህ ነው።

ምላሽ 2 ከአጋሮ የመጣ ነው። የወንድሙ ጥርስ በተመሳሳይ መንገድ መሰበሩን ተርኮ ከመምህሩ ጎን ቆመ። ምላሽ 3 ደግሞ እናትና አባቶቻችን ያመማቸውን ጥርስ ነቅለው በሰላም ኖረዋልና ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል ነበር። ምላሽ 4 ይህን በትሕትና አረመ። መንጋጋ ሲነቀል ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ማዘንበል፣ በትይዩ ያለውም ጥርስ ከቦታው መውጣት ይጀምራል፤ ማኘኩም ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ መንቀል ነገሩን የሚዘጋ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ የሚከፍት መሆኑን አስረዳ።

ምላሽ 5 ክርክሩን ወደ ጥናት ወሰደው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ መሆኑን የገለጸው ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በእነ ቢየር ታትሞ የወጣውን ሥራ አነሳ። ተመራማሪዎቹ የተነቀሉ ጥርሶችን ወስደው ከፊሉን በእጅ፣ ከፊሉን በተለያዩ የማሽን ፋይሎች አዘጋጅተዋል። ከዚያም ሥሮቹን ከጫፋቸው 3፣ 6 እና 9 ሚሊ ሜትር ላይ በአግድም ቆርጠው በማይክሮስኮፕ አይተዋል። በእጅ ፋይል በተዘጋጁት ላይ ስንጥቅ አልታየም፤ በአንዳንዶቹ የማሽን ፋይሎች በተዘጋጁት ላይ ግን ታየ። ተማሪው የዘገበው ትክክል ነበር፣ አጻጻፉም ጥንቁቅ ነበር። ነገር ግን መምህሩ ይህን የመጨረሻ ማስረጃ አድርገው ተቀበሉት፤ ከእሳቸውም በኋላ ብዙዎች ተከተሉ።

ምላሽ 6 ዝምታውን ሰበረ፤ ከእውቀት አንጻር ከክሩ ሁሉ የላቀውም እሱ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ የተማሪውን ዘገባ ሳያጣጥሉ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አነሱ፦ ሥሩን ቆርጦ ማየት የሚቻለው አንድ ጊዜ፣ ያውም ከሥራው በኋላ ብቻ ነው፤ ታዲያ የታየው ስንጥቅ ፋይሉ ከመግባቱ በፊት እንዳልነበረ በምን ይታወቃል? መልሱን ያመጣው ጥርሱን ሳይቆርጥ በብዙ ሺህ ምስሎች የሚያሳየው ማይክሮ ሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የብራዚሎቹ እነ ደ ዴውስ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሥሮችን ፋይል ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ በዚሁ መሣሪያ አነሷቸው። ከሥራው በኋላ የታየው ስንጥቅ ሁሉ በመጀመሪያው ምስል ላይም የነበረ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጥርሱ ሳይነቀል፣ በሟች ሰው መንጋጋ አጥንት ውስጥ እንዳለ ተሠርቶበት ሲታይ፣ ፋይሉ የፈጠረው አዲስ ስንጥቅ አልተገኘም። ጸሐፊዋ እንዳስረዱት ጥርስ ሲነቀል በጉጠት ይጨመቃል፤ ከተነቀለ በኋላም ውሃውን አጥቶ ይደርቃል። በቀደሙት ጥናቶች በማይክሮስኮፕ ከታየው ስንጥቅ ብዙው ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አለ። ይህ ማለት የማሽን ፋይል ምንም ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። ጉዳቱ ግን ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚስለው፣ ብረት ገብቶ ጥርስን እንደ እንጨት የሚፈልጥበት ዓይነት አይደለም። ጉዳቱ ፋይሉ ከሚወስደው አካል መጠን ይመጣል፤ ይህንንም ክሩ ቀስ ብሎ ደርሶበታል።

ከዚያ በፊት ግን ድምፁ ከፍ አለ። ምላሽ 7 ሐኪሞች እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ፣ ጥፋት ሲገኝ ጥናት ይደረድራሉ በማለት በቁጣ ጻፈ። ምላሽ 8 በእልህ መልሶ፣ ፋይል በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ ፋይል እንዳይፈርድ አስጠነቀቀ። ሁለቱም ለመምህሩ ባለቤት የሚጠቅም አንድም ቃል አልጨመሩም። በምላሽ 9 ሁለቱንም አክብሬ ውይይቱ ወደ ጥርሱ እንዲመለስ ለመንኩ፤ ፋይል ምን እንደሚሠራም ለማያውቅ አንባቢ ጻፍኩ። በጥርስ ሥር ውስጥ የነርቭና የደም ሥር ቀጭን መተላለፊያ አለ። ይህ ሲበከል ፋይሉ የተበከለውን ሥጋ ያወጣል፤ ግድግዳውን እየፋቀ መተላለፊያውን ያሰፋል። በዚያም በረኪና ላይ ያለው ያው ንጥረ ነገር፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ እስከ ጫፉ ደርሶ እንዲያጥብ መንገድ ይከፍታል። በመጨረሻ ጉታ ፐርካ በሚባለው መሙያ ይዘጋል። ፋይሉ የሚፍቀው ዴንቲን ግን ጥርሱን ያቆመው አካል ራሱ ነው። ባይፋቅ ተዋስያኑ ይቀራሉ፤ አብዝቶ ቢፋቅ ግድግዳው ይሳሳል። የሐኪሙ ጥበብ በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ምላሽ 10 የመጣው መካኒካል ምሕንድስና ከሚያስተምሩ ሰው ነው፤ ለጥርስ ሐኪምም ትምህርት የሚሆን ነበር። የድሮው የእጅ ፋይል ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን ከጫፉ ወደ ላይ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 0.02 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ከማሽን ፋይሎች ብዙዎቹ ግን 0.04 ወይም 0.06 ይወፍራሉ። ጫፋቸው 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ፋይሎችን ብንወስድ፣ ከጫፋቸው 10 ሚሊ ሜትር ላይ የመጀመሪያው 0.45፣ 0.06 የሚወፍረው ደግሞ 0.85 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጫፍ ላይ አንድ የሆኑት መሣሪያዎች ወደ ጥርሱ አንገት ሲቃረቡ የሚተዉት ቀዳዳ እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ጸሐፊው ከዚህ የሚወጣውን በትክክል አስቀመጡ፦ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚገባው በእጅ ነው ወይስ በማሽን የሚለውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ሰፋ የሚለውን ነው። የማሽኑን ፋይል የወለደው ኒኬል ቲታኒየም እንደሆነም አስታወሱ። እነ ዋሊያ እ.ኤ.አ. በ1988 ጥርስ ለማስተካከል ከሚውለው ሽቦ ፋይል ሠርተው፣ ከማይዝግ ብረት በሁለትና በሦስት እጥፍ እንደሚተጣጠፍ አሳይተዋል። ጠመዝማዛ ሥር ውስጥ ቀጥ ብሎ ካልሄድኩ የማይለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ተከትሎ በምላሽ 11 መምህሩ ተመለሱ። ቁጣቸው በርዶ ነበር፤ ለመጀመሪያው ምላሽም መልስ ሰጡ። ክራውን አልተደረገም። ሕመሙ ስለጠፋ፣ ዋጋውም ስለከበዳቸው፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስተላልፈውታል፤ ጥርሱ በጊዜያዊ ሙሌት እንደተዘጋ ወራት ቆይቷል። ጥርሱ ከመታከሙ በፊትም በሁለት ጎኑ ተበልቶ እንደነበር ጨመሩ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ቃላቸው በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀይሯል።

ምላሽ 12 የእኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 እነ ሪህ ጥርስ ሲጫን የመጣመም ኃይሉን እንዴት እንደሚቋቋም በደረጃ የለኩበትን ሥራ አቀረብኩ። የሥር ሕክምናው ብቻውን፣ የመክፈቻ ቀዳዳውንም ጨምሮ፣ የጥርሱን ግትርነት በ5 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በማኘኪያው ገጽ ላይ ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ በ20 በመቶ ቀነሰው። ጉድጓዱ ሁለቱንም ጎኖች ሰብሮ ሲያልፍ ግን ቅነሳው 63 በመቶ ደረሰ። በሌላ አነጋገር የጥርሱ ሁለት የጎን ግንቦች የመንጋጋው ማሰሪያ ቀበቶ ናቸው። የመምህሩ ባለቤት ጥርስ እነዚህን ያጣው ፋይሉ ሳይገባ፣ ገና በመበላቱ ነው። እንዲህ ያለውን ጥርስ ከላይ ይዞ የሚሰበስበው ክራውን ነው። አኩዊሊኖና ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ከሥር ሕክምና በኋላ ክራውን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ከተደረገላቸው በስድስት እጥፍ ፍጥነት ጠፍተዋል።

ምላሽ 13 ያለምሕረት አረመኝ፣ አመሰግነዋለሁም። ግትርነትና መሰበርን መቋቋም አንድ አይደሉም። በላቦራቶሪ በተነቀለ ጥርስ ላይ የተለካ ቁጥርም በአፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይናገርም። የ2002ቱ ጥናትም ጥርሶቹን በዕጣ የመደበ ስላልሆነ፣ ክራውን ያገኙት ጥርሶች ከመጀመሪያውም የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ ሲል ጻፈ። ነቀፌታው ትክክል ነው። ቢሆንም የቁጥሮቹ ልዩነት፣ ማለትም 5 እና 63፣ ሐኪም በየቀኑ ወንበሩ ላይ ከሚያየው ጋር ይስማማል። ከታከሙ መንጋጋዎች ተሰብረው የሚመጡልን በአብዛኛው የጎን ግንባቸው የፈረሰና ሳይሸፈኑ የቆዩት ናቸው።

ምላሽ 14 ብዙ ሰው በውስጡ የያዘውን ስጋት አነሳ። ነርቩ የወጣ ጥርስ ስለሞተ ይደርቃል፣ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍም ይሰበራል የሚለው ነው። ምላሽ 6ን የጻፉት እህታችን እንደገና መጡና፣ ሴጅሊና ሜሰር እ.ኤ.አ. በ1992 ያደረጉትን ንጽጽር አስረዱ። ከ23 ሰዎች አፍ የታከመውን ጥርስና በሌላው ወገን ያለውን ሕያው አቻውን ወስደው ፈትሸዋል። በጥንካሬ ረገድ ልብ የሚባል ልዩነት አላገኙም፤ በጥቃቅን መለኪያ የታየው የዴንቲን ጥጥርነት ልዩነት 3.5 በመቶ ብቻ ነበር። ይህም ጥርሱን የሚያደክመው መድረቁ ሳይሆን የተወሰደበት አካል ነው ወደሚለው ድምዳሜ ያመራል። ሌላ ነገርም አክለዋል፤ ነርቩ የሌለው ጥርስ ከመጠን በላይ የሆነውን ጫና እንደ ሕያው ጥርስ ፈጥኖ የማሳወቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ በዚህ ምክንያት ባለቤቱ ሳያውቀው አብልጦ ሊነክስበት ይችላል።

ከ15 እስከ 17 ያሉት ምላሾች ትንሽ ራቁ። አንዲት ነርስ የቢራ ቆርኪ በጥርስ የሚከፍቱ ወጣቶች ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጡ እንዳዩ ጻፉ። ሌላው ጫት ለረጅም ሰዓት በአንድ ጉንጭ ማኘክ የጥርስን ገጽ ይበላል አለ፤ ሦስተኛው መፋቂያን አወድሶ ብሩሽን አጣጣለ፤ በመፋቂያና በብሩሽ ላይም ጥቂት ቃላት ተወራወሩ። ከእነዚህ ለጉዳያችን የሚቀረው፣ የታከመና ያልተሸፈነ መንጋጋ በቆሎ፣ በአጥንትና በቆርኪ እንዳይፈተን የሚለው ብቻ ነው።

ምላሽ 18 የክሩን እውነተኛ ቁስል ነካ። ጸሐፊው በመርካቶ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ አጻጻፋቸው ስለት ነበረው። ሐኪሞች ክራውን ክራውን ይላሉ፤ ነገር ግን ክራውኑ ከሥር ሕክምናው በላይ የሚያስከፍል ሆኖ ሳለ፣ ሰው ሕመሙ ሲጠፋለት ለምን ተመልሶ ይመጣል? ለዚህ ሰው የሚሻለው ከመጀመሪያው እውነቱን ነግሮ መንቀል አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ሕክምናውን በደረጃ ከፍለን፣ ሕመሙን የሚያቆመውን ክፍል አስቀድመን፣ ጥርሱን የሚያቆመውን ክፍል ወደ ኋላ ያስቀረነው እኛው ነን። ሕመም ሰውን ወደ ሐኪም ቤት ያመጣዋል፤ ሕመሙ ሲቆም ግን የሚያመጣው ነገር የለም። የእኔ መልስ ይህ ነበር፦ አጠቃላይ ዋጋው ፋይሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ላይ ይነገር። ክራውን ለጊዜው የማይቻል ከሆነ፣ የማኘኪያ ጫፎቹን ዝቅ አድርጎ በጠንካራ ሙሌት መሸፈን ከጊዜያዊ ሙሌት እጅግ ይሻላል። ይህም የማይቻል ከሆነ መንቀልም የሚከበር ምርጫ ነው። ጊዜያዊ ሙሌት ግን ስሙ እንደሚለው የሳምንታት እንጂ የወራት መዝጊያ አይደለም። ሲሸራረፍ ምራቅና ተዋስያን ያስገባል፤ ሲነከስም ደካማውን ግንብ አይደግፍም።

ምላሽ 19 ወደ መሣሪያው መለሰን። ልምድ ያላቸው ባልደረባዬ የእጅ ፋይል በራሱ ቅዱስ እንዳልሆነ አስረዱ። ወፍራም የብረት ፋይል በጠመዝማዛ ሥር ውስጥ ቀጥ ማለት ስለሚፈልግ የውጭውን ግድግዳ ይቆፍራል፤ ደረጃ ይሠራል፤ አንዳንዴም መተላለፊያውን ከቦታው ያዛውራል። በተለይ የታችኛው መንጋጋ የፊተኛው ሥር ወደ ሌላኛው ሥር በሚያይበት ጎኑ ቀጭን ነው፤ እዚያ ላይ አብዝቶ መፋቅ ግድግዳውን ሊበሳው ይችላል። መሙያውን በብረት ገፊ አጥብቆ መጫንም ሥሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጥረዋል፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ሲፈለግ ፋይሉ ብቻ አይጠየቅ አሉ። ከአጥንቱ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን የጥርሱን አንገት በተቻለ መጠን መጠበቅ ከየትኛውም የፋይል ስም እንደሚበልጥ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

ምላሽ 20 ስለ መድኃኒቶቹ ነበር። በረኪናው በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የዴንቲንን ፕሮቲን እንደሚያሟሟና ጥንካሬውን እንደሚቀንስ፣ በቀጠሮዎች መካከል በሥሩ ውስጥ የሚቀመጠው መድኃኒት ካልሲየም ሃይድሮክሳይድም ለወራት ውስጥ ሲተው እንደሚያዳክም አነሳ። ለኋለኛው እነ አንድሪያሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ሥሮቻቸው ገና ባልጠነከሩ የበግ ጥርሶች ላይ ያዩትን ጠቀሰ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ጥንካሬያቸው በግማሽ ያህል ወርዷል። ነጥቡ ዞሮ ከምላሽ 1 ጋር ይገናኛል፤ የተጀመረ ሕክምና መሐል ላይ ሲተው ጥርሱ በብዙ በኩል ይጎዳል።

በምላሽ 21 መምህሩ የመጨረሻ የሚመስለውን ጻፉ። በማሽን ፋይል ላይ የነበራቸውን አቋም ትተዋል፤ አንድ ቅሬታ ግን አልተዉም። ለባለቤታቸው ጥርሱ ካልተሸፈነ እንደሚሰበር ማንም በግልጽ አልነገራቸውም፤ ተመለሺ ብቻ ነው የተባሉት። በዚህ ላይ ልከራከራቸው አልቻልኩም፤ አልፈለግሁምም። ተመለሺ ማለትና ካልተመለስሽ ጥርስሽ ይከፈላል ማለት ለሰሚው እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛውን መስማት መብታቸው ነበር።

ምላሽ 22 የተሰነጠቀ ሥር በምን ይታወቃል ብሎ ጠየቀ። በአንድ ቦታ ብቻ ጠልቆ የሚገባ የድድ ኪስ፣ ከድዱ ጠርዝ ጥቂት ወረድ ብሎ ደጋግሞ የሚፈነዳ እብጠት፣ በራጅ ላይም ሥሩን በአንድ ጎን ተከትሎ ወርዶ ጫፉን የሚዞር ጥላ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ ብዬ መለስኩ። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተከፈለ አንድ ሥር ያለውን ጥርስ ማዳን አይቻልም። በመንጋጋ ላይ ግን አንዳንዴ የተሰነጠቀውን ሥር ብቻ አውጥቶ ሌላውን ማቆየት ይቻላል፤ የመምህሩ ባለቤትም ይህን ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ጻፍኩላቸው።

እስካሁን የመጨረሻው ምላሽ 23 ነው። አንዲት እናት የልጃቸው የፊት ጥርስ በኳስ ተመቶ ነርቩ ሊታከም ነው፤ የግድ ክራውን ያስፈልጋል ወይ ብለው ጠየቁ። የፊት ጥርስ ግድግዳው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ የመክፈቻው ቀዳዳ በደንብ ተጣብቆ መሞላቱ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ያለ ምክንያት ለክራውን መሞረዱ ራሱ ጥርሱን ያሳሳል። ግማሹ ከተሰበረ ግን ከድዱ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ግድግዳ መኖሩ መታየት አለበት፤ ክራውኑ የሚይዘው እሱን ነውና። ልጁ ዕድሜው ስንት እንደሆነና የሥሩ ጫፍ ተዘግቶ እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሥሩ ገና ያልጠነከረ ከሆነ ሕክምናው ራሱ የተለየ ስለሚሆን፣ ራጁን ይዘው እስኪመጡ ፋይል እንዳይገባበት አሳስቤያለሁ።